የተረፈ፣ በግራም

ርሆቮት፣ ኪርያት ሞሼ፣ የትምህርት ቤቱ ጓዳ፤
ምሳ ከሌላ ከተማ ይደርሳል፣ በፎይል ታሽጎ፣ እንደ እንግዳ።
እኔ ነኝ ተቀባይዋ። ፎይሉን በጥፍሬ ገለጥ፣
ቀጭኗ ብረት ከሩዙ መሀል ስምጥ።
ስልሳ አምስት ካለች፣ ሰላም ነው፤ ልጅ ይበላ።
ስልሳ ሁለት ካለች፣ ስልክ፣ ጭቅጭቅ፣ የሾፌሩ ደም ፈላ።

ድሮ ኮሪደር ነበር የምወለውለው፤ አሁን የጥናት ረዳት ነኝ፣
ፎቶዬ ያለበት ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ።
ዶክተር ሲጋሊት ናት የቀጠረችኝ፣ የጎረቤቴ የአየልኝ ልጅ።
«እትዬ ፈረደች» አለችኝ፣ «ያልተለካ ረኀብ ለኮሚቴ አይታየውም፤
ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር በጀት ላይ አይወጣም።»

እናም ባልዲ እመዝናለሁ። የተረፈ ሩዝ፣ የተረፈ ባቄላ፣
ከሽኒጽል ሥር የተደበቀ ካሮት፣ ማንም ያልበላ።
ሰኞ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ፤ ማክሰኞ ሦስት ተኩል ነው፤
ረቡዕ ዓሣ ነው፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ አጥሩ ላይ ነው።
ሐሙስ ግን
ባልዲው ባዶ።
አንድ የወይራ ፍሬ፣ እሷም የተነከሰች።

ሲጋሊት ግራፍ ሠራች፤ መስመሩ ሐሙስ ላይ ዘጭ፣ እንደ ገደል።
«የምስሩን ኮፍታ ወደዱት!» አለች፤ ፊቷ በራ እንደ ባለ ድል።
ገንዘብ በምትጠይቅበት ወረቀት፣ ገጽ ሦስት ላይ ጻፈችው፤
ብረት አለው፣ ርካሽ ነው፣ ልጅ ይወደዋል፣ ብላ አሰመረችው።

እኔ ግን አይቻለሁ።
ሆዳያ አራተኛ ክፍል ናት፤ እጅጌዋ ከእጇ ይረዝማል።
ኮፍታው መጀመሪያ ሶፍት ውስጥ፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣
ከዚያ ከሒሳብ ደብተሯ ሥር።
ዓርብ ምሳ አይመጣም። ሰንበትም ሰንበት ነው።
ቤት ውስጥ ገና ለትምህርት ያልደረሰ ወንድም አለ።
እሷ ብቻ መስሎኝ ነበር።
ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ናቸው።

ግንቦት ነበር፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል።
አንድ ሐሙስ «ቦርሳሽን አንዴ» አልኳት፣ ብረቷን ሰካሁ፤
ሠላሳ አራት።
ስልሳ አምስት ያድናል፤ አራትም ያድናል፤
መሀሉ ግን የጀርም ሠርግ ነው፣ ይህን ሥልጠና ላይ ተምሬያለሁ።

ብናገር፣ ርእሰ መምህሯ ነገ ቦርሳ ታስፈትሻለች፣
ዝም ብል፣ ያቺ ብረት ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ታነባለች።
ስሜ ፈረደች ነው፤
መፍረድ ግን በአጠገቤም አላለፈ።

ነገርኳት። ሲጋሊት የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች፣
ብዙ ዝም አለች፣ ከዚያ ገጽ ሦስትን ሰረዘች።
በምትኩ፦ «ልጆች ሐሙስ አይበሉም፤ ይሸከማሉ።»
ከታች ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች፦
ማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ በረዶ፣ ለሠላሳ አንድ።

መልሱ ከበዓሉ በፊት መጣ።
ጥናቱ ጸድቋል፤ ሚዛኑም፣ ላብራቶሪውም፣ የእኔም ደሞዝ፣
አንዲት መስመር ብቻ ተሰርዛለች፦ «ከጥናቱ ወሰን ውጭ።»
«ወሰኑ የት ነው?» አልኳት።
«የግቢው በር ላይ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እንግዲህ ረቡዕ ማታ ዶሮዬን ከፍሪዘር አወጣለሁ፣
ሠላሳ አንድ የውሃ ጠርሙስ፣ ግማሽ ግማሽ ሊትር፣ እደረድራለሁ።
ሐሙስ በየፌስታሉ አንዳንድ፣ ድንጋይ የሆነ ውሃ፣
«ከኮፍታው ጋር አጣብቂው፣ እቤት እስክትደርሺ እንዳትፈቺው» እላለሁ።
ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም። «የተረፈ፣ በግራም» ከሚለው ጎን፣
ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፦ ሰባት ዲግሪ።
ለአራት ሦስት ይቀራል። በረዶው ትንሽ ነው።

እሑድ ጠርሙስ ስሰበስብ ሆዳያ ባዶ እጇን መጣች።
«ውሃውስ?» ብላት «ወንድሜ ጠጣው፣
ጠርሙሱን መኪና አደረገው» አለች።
ሠላሳ አንድ ወጪ፣ ሠላሳ ገቢ።
መዘገብኩ።